የግል ኬጂ ወይስ የመንግሥት? በአንድ ጥያቄ የተነሳ 27 ምላሽ

ጥያቄውን ግሩፓችን ላይ የለጠፈችው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ናት። ልጇ መስከረም ላይ አምስት ዓመት ይሞላታል። ሁለት አማራጭ አላት። አንደኛው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ቪላ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ የግል ኬጂ ነው። በወር 4,200 ብር፣ መመዝገቢያ 5,000 ብር። ሁለተኛው በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ቅድመ አንደኛ ክፍሎች አሉት። እዚያ ክፍያ የለም። ቁርስና ምሳ ይበላል፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል። እሷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ የምትወጣው 11 ሰዓት ነው። ባሏ ራይድ ይነዳል፣ መቼ እንደሚገባ አይታወቅም። አማቷ የመንግሥቱ ምን አለው ይላሉ። እህቷ ደግሞ ልጅቷን ሜዳ ላይ ልትጥያት ነው ወይ ብላ ተቆጥታታለች። ሌሎቻችን በእሷ ቦታ ብንሆን ምን እንደምናደርግ ማወቅ ፈልጋለች።

የግሩፑ አድሚን ስለሆንኩ ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ግዴታዬ ነው። ዘግይታችሁ የመጣችሁ ሁሉንም ማንበብ እንዳይሰለቻችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ፍርዴንም ጣል ማድረጌ አይቀርም።

ምላሽ 1 የጻፈው አባት አላመነታም። የግል ነው፣ አለቀ ደቀቀ። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ነው። ልጅ ከሥሩ ካልጀመረው በኋላ አይደርስበትም ባይ ነው። መጨረሻ ላይ እናቲቱን እህቴ ብሎ ጠርቶ በልጅ እንደማይቆጠብ አስታወሳት። የክሩ ጠብ ሁሉ የተነሳው ከዚህች የመጨረሻ ነገር ነው።

ምላሽ 2 ጨዋ ናት። መጀመሪያ ልጅቷን እደጊ ብላ መረቀቻት። ሁለቱም ልጆቿ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ተምረው አልፈዋል፤ ትልቁ አሁን አራተኛ ክፍል ነው። አብዝታ ያወራችው ስለ ምግቡ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቿን ስለምትመግብ፣ እሷም ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃ ከመቋጠር ተገላግላለች። ቤት ምስር ወጥ ሲያይ ፊቱን ያዞር የነበረው ልጇ፣ እዚያ ጓደኞቹን እያየ መብላት ለመደ። ቅሬታዋ አንድ ነው፤ ክፍሉ ይጨናነቃል።

ምላሽ 3 ሌላ ስጋት ይዞ መጣ። ልጅቷ አምስት ዓመት ሊሆናት ከሆነ ዘግይታለች፣ በሦስት ዓመቷ ናርሰሪ መግባት ነበረባት አለ። ይህን ያነበበችው እናት ምን ያህል እንደደነገጠች መገመት አያቅትም። ደግነቱ ምላሽ 4 ወዲያው ደረሰላት። ሰውየው ከትምህርት ቢሮ ሰፈር መሆኑ ያስታውቃል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት እንዳደረገው፣ አንደኛ ክፍል የሚገባውም በ7 ዓመት መሆኑን አስረዳ። ልጅቷ በ5 ጀምራ በ7 አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ዘገየች የሚላት የለም። ናርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ እየተባለ ሦስት ዓመት መሄዱ የግሎቹ ልማድ ነው። በ3 ዓመቱ የገባ ልጅ በ6 ይጨርስና ያኔ ጣጣው ይመጣል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ አንድ ዓመት እንዳይቀመጥበት የልደት ሰርተፍኬት ላይ ዕድሜ ወደማስጨመር እንደሚሄድም ጠቆመ። ይህን እኔም ሰፈራችን ሲደረግ አይቻለሁ። ትርፉ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ያነሰ፣ እርሳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ነው።

ምላሽ 5 ላይ ድምፁ ከፍ አለ። የጻፈው አባት ልጁን ሁለት ዓመት በግል አስተምሯል። የመጀመሪያውን ሰውዬ ስለ እንግሊዝኛ አታውራብን አለው። ልጁ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ያወርደዋል፣ የፍራፍሬ ስም ይደረድራል፣ እንግዳ ሲመጣ ስሙንና ዕድሜውን በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁት ዝም ነው። ሀ ሁ ደግሞ ገና አልተነካም። 231ዱን ፊደል ከነቤቱ ያስቆጠረችው አያቱ ናት፣ ክረምት ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች። የሚከፍለው ለዜማው መሆኑ እንዳስቆጨው ሳይደብቅ ጻፈ።

ምላሽ 6 ያው የመጀመሪያው ሰውዬ ነው፤ ተመልሶ መጣ። አሁን ጨዋነቱ የለም። መክፈል ያቃተው ሰው ሁሌም ነፃውን ያሞግሳል የሚል ነገር ጻፈ። ከሥሩ ሁለት ስድብ ተከተለና ሁለቱንም ሰረዝኳቸው። ስለዚህ በቁጥሩ አልገቡም።

ቀጥሎ የመጣው ሁሉንም ዝም አሰኘ። ምላሽ 7 የጻፈችው ጅዳ የምትሠራ እናት ናት፤ የሰው ቤት። ወንድ ልጇ አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር ነው፤ የግል ኬጂ ይማራል። ከደሞዟ ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠው የእሱ ክፍያ ነው። ለምን የግል እንዳስገባችው ሳትሸፋፍን ነገረችን። ልጁን ትታ ባሕር የተሻገረች እናት ልጇ ነፃ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ሠራች እንዳትባል ነው። ከዚያ የማልረሳውን ነገር ጻፈች። ትምህርት ቤቱ ማታ ማታ ኮሙኒኬሽን ቡክ ይልካል፣ ሙሉውን በእንግሊዝኛ። አያትየው ማንበብ አይችሉም። ደብተሩን ጎረቤት ላለች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይሰጧታል፣ እሷ ፎቶ አንስታ በኢሞ ወደ ጅዳ ትልካለች። እናትየው ደግሞ ሥራ ጨርሳ ስልኳን የምታየው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። አንድ ቀን የተላከው ወረቀት በማግስቱ ነጭ ካልሲ እንዲመጣ የሚያሳስብ ነበር። ልጁ ሰማያዊ አድርጎ ሄደ፣ ከሰልፍ ለብቻው ተነጥሎ ቆመ።

ስለ ካልሲ ነው። በአማርኛ ሁለት መስመር ቢጻፍ አያትየው ማንንም ጎረቤት ጠርተው ያስነብቡ ነበር።

ምላሽ 8 አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ይርዳሽ ብላ አለፈች። ምላሽ 9 ግን ጥሬውን ተናገረ። በላብሽ እየተጫወቱብሽ ነው፣ ልጁን አውጥተሽ ብሩን ቤት ሥሪበት አላት። ምላሽ 10 ያቺው የ2ኛዋ ምላሽ እናት ናት። ዘጠነኛውን በትህትና ገሠጸችው፤ ሰው በስደት ሆኖ የሚወስነውን እዚህ ቁጭ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ሰውየው አልተመለሰም።

ከ11 እስከ 14 ያለው የሰርቪስ ጉዳይ ነው። ማን እንዳነሳው እንጃ፣ ብቻ አንዴ ከተነሳ ማን ያቆመዋል። ለ12 ሰው የተሠራ ሚኒባስ ውስጥ ሕፃናት እንዴት ተደራርበው እንደሚቀመጡ ተወራ። ልጃቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ቤቱን ለቆ፣ ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ እንቅልፍ የጣለው አሉ። ከዚያ ወሬው ወደ ነዳጅ ወረፋ ሄደ፣ ከነዳጅ ወደ መንገድ ቁፋሮ። ከዚህ ሁሉ መሀል ምላሽ 13 ብቻ ፍሬ ነገር ነበረው። አንዲት እናት ማንም ያላነሳውን ጠየቀች፦ የመንግሥቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከለቀቀ፣ እናቲቱ እስክትመጣ ልጅቷን ማን ይይዛታል? የመለሰላት ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ ቤንዚን ነበር የሚያወራው።

ምላሽ 15 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት ከሞላው የመንግሥት ኪንደርጋርተን በነፃ ይገባል፤ የጎረቤቱም የሐኪሙም ልጅ እዚያው ነው። እነሱን ያስጨነቃቸው ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ነው። የዴይኬር ክፍያ የአንዱን ወላጅ ደሞዝ ጠራርጎ ስለሚወስድ፣ ሚስቱ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። ድንበሩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ዘመዱ ግን ልጁን ገና በ3 ዓመቱ በነፃ አስገብቷል፣ በዕጣ። ምላሽ 16 ስለ አሜሪካ ማን ጠየቀ አለ። ምላሽ 17 እልህ እንደያዛት ያስታውቃል፤ ከእስራኤል ነው የጻፈችው። እዚያ ከ2012 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ፣ ከ3 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ነፃ ነው፤ ወላጅ የሚከራከረው መደበኛው ይሻላል ወይስ ሃይማኖታዊው በሚለው ላይ ነው አለች። ሰሚት ላሉት የሚጠቅም ነገር ብዙም የለውም። የመንግሥት የሚባል ነገር ሁሉ የድሃ ነው የሚለውን ሐሳብ ግን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎታል።

ምላሽ 18 የክሩ ራስ ነው። ረጅም ነው፣ ግን እየተስገበገብኩ ነው ያነበብኩት። የጻፈችው በግልም በመንግሥትም የሠራች የኬጂ መምህርት ናት። ለማንም አላዳላችም።

ከግሉ ጀመረች። ያስተማረችበት ክፍል የቪላው መኝታ ቤት ነበር፤ ቁም ሣጥኑ እንኳ አልተነሳም፣ የልጆቹ ቦርሳ መስቀያ ሆኗል። ናርሰሪው ሰርቪስ ቤት ነው። ግቢው ሙሉ ሴራሚክ ስለሆነ ልጅ ሲሮጥ እንዳይንሸራተት አትሩጡ ነው ቀኑን ሙሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ሞግዚት አለች፣ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው አለ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መምህራኑ ግን አይቆዩም። ሌላ ትምህርት ቤት ትንሽ ከጨመረላቸው ጥር ላይ ይለቃሉ፣ ልጆቹ በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ሚስ ይቀያየርባቸዋል። እንደገና መላመድ፣ እንደገና ማልቀስ።

ከዚያ ስለ ቤት ሥራ። ለአራት ዓመት ልጅ ሙሉ ገጽ አንድ ዓይነት ፊደል ማስጻፍ እንደማይጠቅመው ታውቃለች፤ የተማረችው እሱን ነው። ለባለቤቱ ነገረችው። እሱ ደግሞ ባዶ ደብተር ያየ ወላጅ በሚቀጥለው ወር አይከፍልም ብሎ መለሰላት። እሷም እያወቀች ማስጻፏን ቀጠለች። ወላጆች ተቆጥተውባት የሚያውቁት ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በጭቃ ሲጫወቱ የዋሉ ዕለት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀን ስልክ ተደወለ።

የመንግሥቱ ሌላ ዓለም ነው አለች። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለ፣ አፈር አለ። ግን ያንኑ ሜዳ ስምንተኛ ክፍሎች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የዕረፍት ሰዓቱ ካልተለያየ ትንንሾቹ ግድግዳ ተጠግተው ነው የሚቆሙት። ክፍሉ ይሞላል፤ አንድ መምህርት ያን ሁሉ ልጅ አፍንጫ መጥረግ አትችልም። ረዳት የተመደበበት ክፍልና ያልተመደበበት ክፍል ሰማይና ምድር ነው። መምህርቷ ግን መስከረም ላይ ያገኛችኋት ሰኔም ላይ አለች።

ለእናቲቱ የሰጠችው ምክር ይሄ ነው። ትምህርት ቤቱን በምዝገባ ቀን አትዪው፤ በምዝገባ ቀን ሁሉም ሙሽራ ነው። በአዘቦት ቀን፣ ዕረፍት ሰዓት አካባቢ ሂጂ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዪ፤ መቀመጫው የልጅ ቁመት ነው ወይስ የአዋቂ? ውኃ አለው? ከዚያ ግድግዳውን እዪ። የተለጠፈው ከመርካቶ የተገዛ ፖስተር ብቻ ነው ወይስ ልጆቹ የሞነጫጨሩት? በመጨረሻ መምህርቷ ልጅ ስታናግር ጎንበስ ትላለች ወይስ ከላይ ሆና ትጮኻለች? ታፔላው ላይ ስላለው አካዳሚ የሚል ቃል አትጨነቂ።

እኔ የምስማማው ከዚህች መምህርት ጋር ነው። ለነገሩ ክሩ ውስጥ የግልን በቁጣ ከሚከላከሉት ብዙዎቹ አስቀድመው የከፈሉ ሰዎች ናቸው። የከፈልኩበት ነገር ዋጋ የለውም ብሎ ማመን ከባድ ነው። የመንግሥቱን የሚያሞግሱትም ቢሆኑ ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ምላሽ 19 ሁሉም የግል እንደዚያ እንዳልሆነ ተናገረ፤ የልጁ ትምህርት ቤት አትክልት ስፍራና አሸዋ እንዳለው። እውነት ይሆናል። ምን ያህል እንደሚከፍል ግን አልጻፈም። ምላሽ 20 የግል ኬጂ ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ነው፣ ተበሳጭቷል። የቪላው ኪራይ በየዓመቱ እንደሚጨምር፣ ግብር እንዳለ፣ ወላጅ ካሜራም ሞግዚትም እንግሊዝኛም ፈልጎ ክፍያ ጭማሪ ሲባል ግንቦት ላይ ስብሰባ እንደሚያናውጥ ዘረዘረ። ስለ ቤት ሥራው ያለው ነገር ግን አሳቀኝም አሳዘነኝም። እሱም ማስጻፉን አይወደውም፤ አንድ ዓመት ትቶት ነበር፣ ስምንት ልጆች ለቀቁበት። ስለዚህ መልሶ ጀመረ። ይህን የሚቃወም ምላሽ አልመጣም።

ምላሽ 21 አንድ አባት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ከርዕስ ወጡ፣ እኛም ለቀቅናቸው። በልጅነታቸው ፊደል የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የኔታ በዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ስንደዶ ይዘው ፊደሉን እየነኩ። የራሳቸው ልጆች ደግሞ በደርግ ጊዜ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው የዋሉት። ክፍያው ኢምንት ነበር፣ ወተት ይጠጡ እንደነበር ያስታውሳሉ። ያኔ የሚኒስትሩም የዘበኛውም ልጅ አብሮ ነበር ብለው ደመደሙ። ምላሽ 22 ይህችኛዋን አላሳለፈላቸውም። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሚኒስትሩ ልጅ እዚያ ሲመጣ አላየሁም፣ እኔ እዚያው ቀበሌ ነበርኩ አላቸው። ወተቱን ግን አረጋገጠ።

ምላሽ 23 ላይ እናቲቱ ራሷ ተመለሰች። የመምህርቷን ምክር ሰምታ ሁለቱንም በአዘቦት ቀን ሄዳ አየች። የግሉ ጋ በሩ ላይ ትንሽ አቆሟት፣ ዳይሬክተሯ መጥታ ቢሮ አስቀመጠቻት፣ ክፍል ለማየት ግን ልጆቹ ይረበሻሉ ተባለች። ሽንት ቤቱን አየችው፤ ንጹሕ ነው፣ የልጅ ነው። የመንግሥቱ ጋ ዘበኛው የት እንደምትሄድ ሳይጠይቃት አስገባት። ለማየት ጥሩ ሆነላት፣ በኋላ ስታስበው ግን ደነገጠች፤ እሷ ከገባች ማንም ይገባል ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ 47 ልጅ ቆጠረች። መምህርቷ አንዱን ልጅ ተንበርክካ ጫማውን እያሠረችለት ነበር፣ አርባ ስድስቱ ደግሞ እየዘፈኑ ይጠብቃሉ። ረዳቷ ወተት እያከፋፈለች ነው።

ልቧ ወደ መንግሥቱ አዘንብሏል። የያዛት ያው ምላሽ 13 ያነሳችው የሰዓት ጉዳይ ነው። የመንግሥቱ 9 ሰዓት ተኩል ይለቃል። የግሉ ተጨማሪ 1,200 ብር ከተከፈለው እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያቆያል። አማቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አራተኛ ፎቅ ወጥተው ወርደው ልጅ ማምጣት አይችሉም። አሁን እያሰበች ያለችው ታች ምድር ቤት ሱቅ ላላት ጎረቤቷ በወር የሆነ ነገር ከፍላ ልጅቷን እንድታቆይላት ነው።

ስለ እንግሊዝኛና ስለ ድህነት ስንናከስ የቆየነው ለካ በአንድ ሰዓት ተኩል ጉዳይ ነው። ይህን መጀመሪያ ብንጠይቃት ኖሮ ክሩ አምስት ምላሽ ይበቃው ነበር።

ምላሽ 24 የመጀመሪያው ሰውዬ ነው፤ አልተለወጠም። ለጎረቤቷ የምትከፍለውን ብር የግሉ ላይ ጨምሪው አላት። ምላሽ 25 ተግባራዊ ነገር ይዛ መጣች። በእሷ ወረዳ አመልካች ስለበዛ በዕጣ ነበር የተመዘገቡት፤ ስለዚህ መስከረምን ሳይጠብቁ ወረዳው ምዝገባ የሚጀምርበትን ቀን በጊዜ ማጣራት ይሻላል። የልደት ሰርተፍኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ ተጠይቃለች፤ የክትባት ካርዱ የጠፋባቸው ሁለት እናቶች ከሰልፉ ወጥተው ጤና ጣቢያ ሮጠዋል። ምላሽ 26 ያገለገለ የኬጂ ዩኒፎርም እንደሚሸጥ የሚያስተዋውቅ ነው። ደንባችን ማስታወቂያ ባይፈቅድም ዋጋው ደህና ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ምላሽ 27 ትናንት ማታ ነው የመጣው። አንድ አባት መንታ አለው፤ ዕጣው ሲወጣ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ ወይስ አንዱ ደርሶት ሌላው ሊቀር ይችላል ብሎ ይጠይቃል። እስካሁን የመለሰለት የለም። ወረዳ የሚሠራ ሰው እዚህ ካለ ይመልስለት።